ለእናት ታዝዞ በልጅ የቀረ

አንድ መድኃኒት እንደማይሠራ በጥናት ከተረጋገጠ በኋላ 18 ዓመት ሙሉ ለነፍሰ ጡሮች ሲታዘዝ ኖሯል። ዳይኢትልስቲልቤስትሮል ይባላል፤ ባጭሩ ዲኢኤስ። በላብራቶሪ ተሠርተው በአፍ እንዲወሰዱ ከተዘጋጁት የመጀመሪያዎቹ ኤስትሮጅኖች (የሴት ሆርሞኖች) አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ብቻ፣ እናቶችና ልጆች ተደምረው ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ለሚሆን ሰው እንደደረሰ ይገመታል።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። አዲስ አበባ ተምሬ ሜሪላንድ ነው የምሠራው። ከማውቃቸው የመድኃኒት ታሪኮች ሁሉ እንደዚህ የሚያንገበግበኝ የለም። ፅንስን ስለጎዳው ሌላ መድኃኒት፣ ስለ ታሊዶማይድ፣ ብዙ ሰው ሰምቷል፤ ጉዳቱ ሕፃኑ እንደተወለደ በዓይን ይታይ ነበርና። የዲኢኤስ ልጆች ግን ሲወለዱ ጤነኞች ነበሩ። እናቶቻቸው አመስግነው፣ ሐኪሞቻቸው ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ተሸኙ። ጉዳዩ የወጣው ልጆቹ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ ነው፤ ያኔ ደግሞ እናት ከ15 ዓመት በፊት የዋጠችውን እንክብል ማን ያስታውሳል?

ቻርልስ ዶድስ ለንደን ውስጥ ሚድልሴክስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪ ነው። በዚያን ዘመን ኤስትሮጅን የሚገኘው ከሽንት እየተጣራ ስለነበር ውድ ነው፤ በአፍ ሲወሰድም ጉበት አብዛኛውን ያጠፋዋል። ዶድስ የፈለገው ርካሽና የሚዋጥ ነገር ነበር። ኦክስፎርድ ከነበረው ከሮበርት ሮቢንሰን ቡድን ጋር ሆኖ በ1938 አገኘው (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሥራው በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ካውንስል ድጋፍ የተሠራ ስለነበር የባለቤትነት መብት አልወጣለትም። በቅንነት የተደረገ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የፈለገ ፋብሪካ ሁሉ ያለ ከልካይ አመረተው።

በዚያው በ1938 ዶድስ ራሱ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሌላ ነገር አሳትሟል፤ እነዚህ በአፍ የሚወሰዱ ኤስትሮጅኖች በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ለእንስሳት ሲሰጡ እርግዝናው ይቋረጣል። በ1939 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ለእርጉዝ አይጦች ኤስትሮጅን ሰጥተው የግልገሎቹ የመራቢያ አካል ተዛብቶ እንደሚፈጠር አሳዩ። ዲኢኤስ አሜሪካ ውስጥ ለማረጥ ሕመምና ለመሳሰሉት የተፈቀደው በ1941 ነው፤ ውርጃን ለመከላከል በ1947። ማስጠንቀቂያው ከፈቃዱ ቀድሞ ታትሞ ነበር ማለት ነው። ይህን ቅደም ተከተል ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይረበሻል።

እዚህ ላይ ወደ ሕዋስ ውስጥ እንግባ፤ ያለዚያ የቀረው ታሪክ የሐኪሞች ጥፋት ብቻ ይመስላል። ሆርሞን በደም እየዞረ ሁሉንም ሕዋስ ያዳርሳል፤ መልእክቱን የሚሰማው ግን ተቀባይ ያለው ሕዋስ ብቻ ነው። ይህን ያሳየው ኤልውድ ጄንሰን ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ቺካጎ ውስጥ ጨረር የሚያወጣ ኤስትራዲዮል (ዋናው የተፈጥሮ ኤስትሮጅን) አዘጋጅቶ ለአይጦች ሰጠ። ደሙም ጡንቻውም ሆርሞኑን ወዲያው ለቀቀው፤ ማሕፀን ግን ይዞ አስቀረው። ይዞ ያስቀረው ፕሮቲን ነው የኤስትሮጅን ተቀባይ፣ በተለምዶ ሪሴፕተር የምንለው። ሁለተኛው ዓይነት፣ ቤታ የሚባለው፣ የተገኘው በ1996 ስዊድን ውስጥ ነው። ለዚህ ታሪክ ዋናው የመጀመሪያው፣ አልፋ፣ ነው።

ተቀባዩ ውስጥ ኪስ አለ። ኤስትራዲዮል ገብቶ ሲቀመጥ፣ በፕሮቲኑ ጫፍ ያለች አንዲት ጥምዝ ክፍል እንደ መሶብ ክዳን ላዩ ላይ ትከደናለች። ክዳኑ ሲገጥም ተቀባዩ ዲኤንኤ ላይ ተቀምጦ አንዳንዱን ጂን ያስነሳል፣ አንዳንዱን ያስተኛል። ታሞክሲፈን የተባለው የጡት ካንሰር መድኃኒትም እዚያው ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ግን አንድ ክፍሉ ወደ ውጭ ስለሚቀር ክዳኑ አይገጥምም፣ ጡት ውስጥም ሥራው ይቆማል። ዲኢኤስስ? ሲያዩት ከኤስትራዲዮል ጋር አይመሳሰልም። ኤስትራዲዮል አራት ቀለበት የተያያዘበት ስቴሮይድ ነው፤ ዲኢኤስ ደግሞ ሁለት ቀለበት መካከል ላይ በካርቦን የተገናኙበት ቀላል ሞለኪውል ነው። ነገር ግን በሁለቱም ጫፍ፣ ተቀባዩ የሚይዝበት የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ አለው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ከኤስትራዲዮሉ ጋር ይቀራረባል። ለተቀባዩ ይህ ይበቃዋል። ኪሱ ይሞላል፣ ክዳኑ ይገጥማል፣ ጂኖቹ ይነሳሉ። ዲኢኤስ ተቀባዩን የሚይዝበት ኃይል ከተፈጥሮው ሆርሞን አያንስም።

ነቃ ያለ አንባቢ እዚህ ላይ ይጠይቃል፦ የነፍሰ ጡር ደም ድሮውንም በኤስትሮጅን የተሞላ አይደለም ወይ? ነው እንጂ። ፅንሱ ግን ከዚያ የሚጠበቅበት መንገድ ተበጅቶለታል። ደም ውስጥ ኤስትራዲዮልን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን አለ፤ የእንግዴ ልጁ የሚያልፈውን ኤስትራዲዮል ወደ ደካማው ኤስትሮን ይለውጠዋል፤ ሌላውም ሰልፌት ተለጥፎበት ኃይሉን ያጣል። ዲኢኤስን ግን ያ ፕሮቲን እምብዛም አይይዘውም፤ ሌላው መከላከያም የተበጀው ለተፈጥሮው ሆርሞን ነው። ስለዚህ እናት የዋጠችው ነገር የራሷ ሆርሞን በማይደርስበት ኃይል ፅንሱ ጋ ይደርስ ነበር።

ቦስተን ውስጥ ጆርጅና ኦሊቭ ስሚዝ የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች፣ እርግዝናቸው የሚበላሽባቸው ሴቶች ሆርሞናቸው አስቀድሞ እንደሚቀንስ አስተውለው ነበር። ዲኢኤስ ብንሰጣቸው የእንግዴ ልጁ ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሆርሞን ያመርታል፣ እርግዝናውም ይጸናል አሉ። ሆርሞኑ የቀነሰው እርግዝናው ቀድሞ ስለተበላሸ ሊሆን እንደሚችል ግን አልመረመሩም። በ1948 ያወጡት ሪፖርት ከ600 በላይ እርግዝናዎችን ይዟል፤ በዕጣ ተለይቶ ባዶ እንክብል የተሰጠው ማነጻጸሪያ ቡድን ግን አልነበረውም። አወሳሰዱ እንዲህ ነበር፦ በ7ኛው ሳምንት በቀን 5 ሚሊግራም ተጀምሮ ቀስ በቀስ እየተጨመረ በ35ኛው ሳምንት በቀን 125 ሚሊግራም ይደርሳል። 7ኛው ሳምንት የፅንሱ የመራቢያ ቧንቧዎች መልክ መያዝ የሚጀምሩበት ጊዜ ነው። ከዚህ የከፋ ጊዜ መምረጥ ይከብዳል።

በ1953 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዊልያም ዲክማን ነገሩን በትክክል ፈተነው። ከ1,600 በላይ ነፍሰ ጡሮችን ለሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን ዲኢኤስ፣ ለሌላው ምንም የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ሰጠ። ውርጃም አልቀነሰም፣ ያለጊዜው መውለድም አልቀነሰም። ቁጥሮቹ በ1978 እንደገና ሲሰሉማ ዲኢኤስ እርግዝናን ይበልጥ እንደሚጎዳ ነው የታየው። (ሴቶቹ ሙከራ ላይ መሆናቸው ስላልተነገራቸው በኋላ ዩኒቨርሲቲውን ከስሰዋል፤ እውነታቸውን ነው።) ጥናቱ ታትሞ፣ ተነብቦ፣ ማዘዙ ቀጠለ። በ1957 የወጣ አንድ የኩባንያ ማስታወቂያ መድኃኒቱ ለሁሉም እርግዝና ይሰጥ ብሎ ይመክራል፤ የፋፋ ሕፃን ፎቶም አብሮት አለ። ላልታመመች ሴት ጭምር ማለት ነው። ሐኪሙ ምንም ሳያደርግ ቁጭ ብሎ ከሚያይ አንድ ነገር ቢያዝ ይሻለኛል ብሎ አስቦ ይሆናል፤ ልጅ ደጋግሞ የወጣባት ሴት ፊቱ ተቀምጣ ስታለቅስ ይህን ማሰቡ ይገባኛል። ኩባንያው ግን አይገባኝም።

ከ1966 እስከ 1969 ባለው ጊዜ ቦስተን ወደሚገኘው ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የመጡ ወጣት ሴቶች ላይ ክሊር ሴል አዴኖካርሲኖማ የተባለ የብልት ካንሰር ተገኘ። በዚያ ዕድሜ እጅግ ብርቅ ነው። ሐኪሞቹ ሃዋርድ አልፌልደርና አርተር ኸርብስት ምክንያቱን ፈለጉት፤ ሲጋራ፣ ኢንፌክሽን፣ የቤተሰብ በሽታ። ጥያቄውን ያመጣችው ከታማሚዎቹ የአንዷ እናት ናት፤ እሷን ሳረግዝ ዲኢኤስ ወስጄ ነበር፣ ይሄ ይሆን እንዴ አለቻቸው። ሚያዝያ 1971 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን የወጣው ጽሑፍ የ8 ሴቶችን ታሪክ ይዟል። የ7ቱ እናቶች በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ዲኢኤስ ወስደዋል፤ ለማነጻጸር ከተጠየቁት 32 እናቶች አንዷም አልወሰደችም። 8 ሰው ትንሽ ነው፤ ልዩነቱ ግን የሚካድ አልነበረም። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለነፍሰ ጡር እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ።

የስታቲስቲክሱን ጥበብ አደንቃለሁ። ይበልጥ የማደንቃት ግን ያቺን እናት ነው። ልጇ ካንሰር ይዟት እያለ ምናልባት ከእኔ ይሆናል ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ እናት የሆነ ሁሉ ያውቃል።

ካንሰሩ የደረሰው በግምት ከ1,000 የዲኢኤስ ሴት ልጆች በአንዷ ላይ ነው። የቀሩትን ያገኛቸው ሌላ ነው፤ እሱን ለመረዳት ወደ ፅንሱ መመለስ ያስፈልጋል። ሴትም ወንድም ፅንስ ሲጀምር ሁለት ጥንድ ቧንቧ አለው። ወንድ ከሆነ የዘር ፍሬው በሚያመነጨው ሆርሞን አንደኛው ጥንድ ይጠፋል፣ ሌላው ያድጋል። ሴት ከሆነች ሙለሪያን የሚባለው ጥንድ ቀርቶ የላይኛው ጫፉ የማሕፀን ቱቦ፣ የተገናኘው መካከሉ ማሕፀን፣ የታችኛው ክፍሉ የማሕፀን በርና የላይኛው ብልት ይሆናል። አንድ ቧንቧ ከላይ እስከ ታች እንዲህ የሚለያየው፣ የትኛው ክፍል ምን እንደሚሆን የሚወስኑ ጂኖች በየቦታው በየሰዓታቸው ስለሚበሩ ነው። ሆክስ ኤ10 ማሕፀን በሚሆነው ክፍል ይበራል፤ ደብልዩኤንቲ7ኤ የሚባለው ደግሞ ከሽፋኑ ሥር ላለው ሥጋ ቦታውን ይነግረዋል። ዲኢኤስ የተሰጣቸው የአይጥ ግልገሎች ላይ ደብልዩኤንቲ7ኤ በወሳኙ ሰዓት ይጠፋል። ጂኑ ከነጭራሹ የሌላቸው አይጦችም የሚያሳዩት ጉዳት የዲኢኤሱን ይመስላል። የኤስትሮጅን አልፋ ተቀባይ የሌላቸው አይጦች ደግሞ ዲኢኤስ ቢሰጣቸውም ማሕፀናቸው አይበላሽም። ጉዳቱ የሚያልፈው በተቀባዩ በኩል መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ሴቶቹ ላይ የታየውም ከዚሁ ጋር ይገጥማል። ብልት መጀመሪያ እጢ መሰል ሽፋን ኖሮት ኋላ በጠፍጣፋና ድርብርብ ሕዋስ ይተካል። በዲኢኤስ ልጆች መተካቱ ሳይጠናቀቅ ቀርቶ እጢ መሰሉ ሽፋን ቦታው ላይ ይገኛል፤ አዴኖሲስ ይሉታል። መድኃኒቱ በእርግዝናው ቀደም ብሎ በተጀመረ ቁጥር አዴኖሲሱ ይበዛል። ማሕፀናቸውም ብዙ ጊዜ ጠባብና እንደ ላቲኑ ቲ ፊደል የሆነ ነው። ወንዶቹ ላይ ያልወረደ የዘር ፍሬና በዘር ቧንቧው አካባቢ የውሃ እጢ በብዛት ታይቷል።

ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ጆን ማክላክላንና ሬታ ኒውቦልድ በአይጦች ላይ ለዓመታት የሠሩት ሥራ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ጉዳቱ እንዴት ይቆያል? አይጥ ስትወለድ የመራቢያ አካሏ ገና እንደ ሰው ፅንስ ነው። በተወለደች በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ዲኢኤስ ከተሰጣት ላክቶፌሪን የሚባል ጂን ላይ የነበረ የኬሚካል ምልክት ይነሳና እስከ ጉልምስና እንደተነሳ ይቀራል። ያው መድኃኒት ለጎልማሳ አይጥ ሲሰጥ ምልክቱ አይነካም። ተቀባዩ ያው፣ ሞለኪውሉም ያው፤ የተለየው ቀኑ ነው። በአዋቂ ሰውነት ኤስትሮጅን የሚያስነሳው ሥራ ሆርሞኑ ሲሄድ ይቆማል። ገና በሚሠራ አካል ግን ሕዋሱ ማን እንደሚሆን ነው የሚወሰነው፤ ውሳኔው ደግሞ አይደገምም። ያው ዲኢኤስ በአዋቂ ወንዶች ላይ ግን ለፕሮስቴት ካንሰር ረድቷል፤ ቻርልስ ኸጊንስ በዚያ መስመር በሠራው ሥራ በ1966 ኖቤል ተሸልሟል።

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ናት። እርጉዝ መሆኗን ሳታውቅ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ስትወስድ ቆይታ፣ ቲክቶክ ላይ ስለ ሰው ሠራሽ ኤስትሮጅን አንድ ነገር አይታ ደነገጠች። ደውላ «አክስቴ፣ ልጁን ጎድቼው ይሆን?» አለችኝ። እንክብሉ ውስጥ ያለው ኤቲኒልኤስትራዲዮል ይባላል፤ የተፈጥሮው ሆርሞን ላይ ጉበት በቀላሉ እንዳያጠፋው አንድ ቅጥያ የተጨመረበት ነው፤ እሱም በ1938 በርሊን ውስጥ ነው የተሠራው። ኃይለኛ ነው፤ የዕለቱ እንክብል ግን የሚይዘው 30 ማይክሮግራም ያህል ነው። የስሚዞቹ የመጨረሻ መጠን በክብደት ከዚያ ከ4,000 እጥፍ ይበልጣል። እርግዝናቸውን ሳያውቁ እንክብል የወሰዱ በጣም ብዙ ሴቶች ተጠንተዋል፤ ልጆቻቸው ላይ የአፈጣጠር ጉድለት ጨምሮ አልተገኘም። ይህን ነገርኳት። በሦስት ወር አንዴ የሚወሰደውና አገራችን ውስጥ በብዛት የተለመደው መርፌ፣ እንዲሁም ክንድ ሥር የሚቀበረው፣ ኤስትሮጅን የሌለባቸው መሆናቸውንም ጨመርኩላት፤ ጓደኞቿ ሁሉንም አንድ ላይ ደባልቀው ሲያወሩ ሰምታለችና። ትንፋሿ ሲመለስ በስልኩ ተሰማኝ።

ስለ ፕላስቲክም ጠየቀችኝ። ይህም ከዶድስ ጋር ይገናኛል፤ ዲኢኤስን ከማግኘቱ በፊት በ1936 ቢስፌኖል ኤ የተባለ ኬሚካል ደካማ ኤስትሮጅን መሆኑን አሳይቶ ነበር። ለመድኃኒትነት ስለማይበቃ ተተወ፤ ኋላ ጠንካራ ፕላስቲክና የቆርቆሮ ምግብ ሽፋን ሆኖ ዓለምን አዳረሰ። ከተቀባዩ ጋር የሚያያዘው ከኤስትራዲዮል እጅግ በደከመ ኃይል ነው። ቢሆንም አውሮፓ በ2011፣ አሜሪካ በ2012 ከሕፃናት ጡጦ አስወጥተውታል፤ ተገቢ ነው እላለሁ፤ ቀኑ የሚወስነውን ካየን በኋላ ከሕፃን አጠገብ የሚያቆየው ምክንያት የለም። ሃይላንድ የምንለው የውሃ ፕላስቲክ ግን ከሌላ ነገር የሚሠራ ነው፤ ቢስፌኖል ኤ አይገባበትም።

አሁን ወደ አንዲት ሴት ልምጣ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አሜሪካዊት ናቸው፤ የመድኃኒት ዝርዝራቸውን አብረን ስናይ መዝገባቸው ላይ የዲኢኤስ ልጅ መሆናቸው ተጽፎ አየሁ። በዚያ ዕድሜም በየዓመቱ ይመረመራሉ። ሁለት ፅንስ ወጥቶባቸዋል፤ አንዱ ከማሕፀን ውጪ የተፀነሰ ነበር፣ ሊገድላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ አልሞከሩም። እናታቸው ነገሩን የነገሯቸው ቆይተው ነው፤ «አንቺን ላለማጣት ነው የወሰድኩት» አሏቸው። እሳቸውም ይህን ሲነግሩኝ ለእናታቸው እየተሟገቱ ነበር፤ ማንም ሳይከሳቸው።

እንደ እሳቸው ያሉ ከ4,600 በላይ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት በ2011 ወጥቷል። ልጅ የመውለድ ችግር የገጠማቸው ከዲኢኤስ ልጆች 33 በመቶ፣ ካልነካቸው 15.5 በመቶ ናቸው። ከማሕፀን ውጪ እርግዝና 14.6 ለ2.9፤ ያለጊዜው መውለድ 53 ለ18 በመቶ ያህል። ዕድሜያቸው 40 ከሞላ በኋላ የጡት ካንሰርም ጨምሮ ታይቷል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም እነዚህን ሴቶች ከ1992 ጀምሮ ባንድነት ይከታተላል፤ አሁን የልጅ ልጆቹንም ይጠይቃል። ጥናቱ ሊሠራ የቻለው በ1940ዎቹና በ50ዎቹ አንዳንድ ክሊኒኮች የእናቶችን ካርድ ስላልጣሉ ነው፤ ማን ምን ያህል፣ በስንተኛው ሳምንት እንደወሰደች ከዚያ ይነበባል።

ሴትዮዋ እናታቸው የታከሙበትን ቦታ ፈልገው ነበር። ሐኪሙ ሞቷል፣ ክሊኒኩ ተዘግቷል፣ ካርዱ የለም። መጠኑን አያውቁትም፣ ሳምንቱንም አያውቁትም። ከእነዚያ 4,600 ሴቶች መካከል እሳቸው አይቆጠሩም።